ከባድ ነገር የት ይሄዳል?

የአባቴ የመቃብር ድንጋይ ላይ አራት የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ የስኳር ዕቃና የተገመጠ ዳቦ ተቀምጦ ነበር። ድንጋዩ በጣውላ ሣጥን ታሽጎ፣ ወንድሜ ቤት በረንዳ ላይ በሁለት ብሎኬት ተጋድሞ ሦስት ቀን ሰንብቷል። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ካየች ዕቃ ሳታስቀምጥበት የማታልፍ ሴት ናት። «ነይ ቁጭ በይ፣ ሻይ ይምጣልሽ» አለችኝ፣ ዳቦውን በክንዷ ገፋ አድርጋ ቦታ እያበጀችልኝ። ቁጭ አልኩ። ምን አደርጋለሁ፤ ሻዬንም እዚያው ላይ አስቀመጥኩት። ከጣውላው ሥር ያለው ግራጫ እብነ በረድ ዋጋው የእኔ የአምስት ወር ደሞዝ ነው። ይህን የማውቀው ወንድሜ ዋጋውን ያልነገረው ሰው ስለሌለ ነው፤ ለሰፈሩ ዘበኛ ሳይቀር ነግሮታል። ጽሑፉንም ሳይታሸግ አይቼዋለሁ። የአባቴ ስም በአንድ መስመር፣ የወንድሜ ስም ከነሥራ ድርሻው በሁለት መስመር ተቀርጿል። «የአየር ጭነት አገልግሎት ዋና ኃላፊ» ይላል መቃብሩ። እኔና ታናሽ እህቴ «ልጆቹ» ተብለን በአንድ ቃል ተጠቃለናል። እማዬ የለችበትም፤ ቦታ አለቀ አሉ።

ሻዬን እየጠጣሁ ቀና ስል የውኃ ታንከሩን አየሁት። ጣሪያው ላይ በአራት ቢጫ ማሰሪያ ተጠፍሮ ተይዟል፤ እያንዳንዱ ማሰሪያ የብረት መወጠሪያና እኔና ወንድሜ የምንሠራበት የአየር መንገድ ቁጥር የታተመበት ትንሽ ጨርቅ አለው። የግቢው በር የሚዘጋው በዚያው ዓይነት ማሰሪያ ነው። የልጆቹ ዥዋዥዌ የተንጠለጠለው በእሱ ነው። ማጠፊያው የተሰበረው የፍሪጅ በር ሳይቀር በእሱ ተይዟል። እነዚህ ማሰሪያዎች የተሠሩት አውሮፕላን ውስጥ ጭነትን ወለሉ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር ጠርንፎ ለመያዝ ነው። ሦስት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ለሁለት ተቆርጠው መጣል አለባቸው። ወንድሜ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ያስረጃቸዋል። እንዴት ቢባል ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሰብ ብለው «ተቆርጠው ተወግደዋል» የሚል ወረቀት ይፈርሙና ያልተቆረጡትን ተከፋፍለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሌብነት ብሎ የሚጠራው የለም። ሌባ ማለት በእነሱ ዘንድ ከውጭ መጥቶ የሚወስድ ሰው ነው። እኔም ጻድቅ አይደለሁም፤ ቤቴ ሁለት አለ፣ አንዱ የጋዙን ሲሊንደር፣ አንዱ የሚነቃነቀውን አልጋዬን ይዞልኛል። ቤት የቀየርኩ ጊዜ ወንድሜ በስጦታ መልክ ያመጣልኝ ነው፣ አመስግኜ ተቀብያለሁ።

እማዬ ገና ሳይነጋ ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ ኖሯል። ጥቁር ቀሚሷን፣ ጥቁር ሻሿን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ሳምኳት። «ደህና አደርሽ» አለችኝ፣ ሌላ የሚጨመር አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ የምንነጋገረው እንዲህ ነው፣ ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋይ። አባቴ ሆስፒታል ሲተኛ አርባ ቀን አጠገቡ ወንበር ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ፤ ምስጋናው ግን የሄደው በመኪናው ላመላለሰው ለወንድሜ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ሆዴ ውስጥ ግን በየቀኑ እናገረዋለሁ። የዛሬው ጉዞ ወደ አባቴ ትውልድ ከተማ ነው። በመኪና ሁለት ቀን፣ በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ። እህቴና ዘመድ አዝማዱ እዚያ አሸዋና ሲሚንቶ አዘጋጅተው ድንጋዩን ይጠብቃሉ፤ ወንድሜና ሚስቱ ቅዳሜ ይከተላሉ። እማዬ ግን ድንጋዩን ብቻውን አልሰድም ብላ አብራው ልትሄድ ቆርጣለች። ወንበሯም መጨረሻው ረድፍ ላይ እንዲሆን ወንድሜን ለምናዋለች፣ ጭነቱ ከኋላው ከሚቀመጥበት መጋረጃ አጠገብ። «ከአባታችሁ አጠገብ ልሁን» አለች። ወንድሜ እንባው መጣ። የእሱ እንባ በሰው ፊት ምንጊዜም ቅርብ ነው።

እሱ መጣ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ሽቶው ቀድሞት። በቤትም በመሥሪያ ቤትም ጋሼ እለዋለሁ። ብርጭቆዎቹ ተነሱ፣ አራት ሰው ተጠርቶ ድንጋዩ እየተጎተተ ጭነት መኪና ላይ ወጣ። እኛ በእሱ መኪና ተከተልን። መንገዱን ሙሉ ስለ ድንጋዩ ዋጋ፣ ስለ ቀራጩ ሙያ፣ የጎረቤታችን አባት መቃብር ላይ ስላለው ርካሽ ሴራሚክ አወራን፤ አወራን ማለቴ እሱ አወራ። እማዬ በመስኮት ታያለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ የአንገቷን ጠባብ አጥንት አያለሁ። በዚህ ዓመት ከሳች፣ ማንም ልብ አላለውም።

ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ረጅም አይደለም። አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ወንበር ነበረው፤ የኋለኞቹ ተነቅለው ለጭነት ቦታ ተለቅቋል፣ በተሳፋሪውና በጭነቱ መካከል ያለው አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ብቻ ነው። እኔ ሰውን እመዝናለሁ፣ ሻንጣ እመዝናለሁ፣ ጭነት እመዝናለሁ፤ የቱ የት እንደሚቀመጥ በሚዛን ሰነድ ላይ እጽፋለሁ፤ ካፒቴኑ ሰነዱን ይዞ ይነሳል። በሰነዱ ግርጌ አንድ መስመር አለች፣ «ጭነቱ በመረብና በማሰሪያ ተይዟል» ትላለች። ከሥሯ የጭነት ኃላፊውና የእኔ ፊርማ አለ። ወንድሜ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ሙሉውን ጥራዝ በአንድ ቁጭታ ይፈርማል። ገና ቲኬት ያልቆረጠ ሰው የሚሳፈርበት አውሮፕላን ጭነት በሚገባ መታሰሩን እሱ ከሳምንታት በፊት አረጋግጧል። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ኃላፊ ስለሆነ ነው ግድግዳው ላይ ሦስት የምስጋና ወረቀት የተሰቀለለት። እኔን ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ይህን ደግሞ ተላላኪዋ ሳትቀር ታስታውሰኛለች።

ድንጋዩ ከነሣጥኑ መቶ ሰማንያ ስድስት ኪሎ መዘነ። በቁጥር በኩል እንከን አይወጣልኝም። ጻፍኩና ወደ አውሮፕላኑ ሄድኩ፤ ሥራዬ ባይሆንም ልቤ አላስቻለኝም። ጫኞቹ ድንጋዩን በኋለኛው በር አስገብተው ወለሉ ላይ አጋድመውታል። ከላዩ መረብ ጣል ተደርጎበታል፣ መሐሉ ተቀዶ ሰው የሚያሾልክ መረብ። ቢጫ ማሰሪያ አንድ ብቻ አየሁ፣ እሱም ወደ አንድ ጎን ተስቦ ተይዟል። አራት ነው መሆን የነበረበት። ከፊቱ፣ ከመጋረጃው በኩል፣ ሁለት የሽንኩርት ጆንያ ተወትፏል። የጫኞቹ አለቃ ፕሮፌሰር የሚባል ሰውዬ ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው ለሁሉ ነገር ማብራሪያ ስላለው ነው። ሌሎቹ ማሰሪያዎች የት ናቸው ብዬ ጠየቅኩት።

«መጋዘን ውስጥ ያለው ይኸው ነው» አለኝ። «ደግሞ ይኼን ምን ያስጨንቅሻል? ካርቶን ቢሆን እሺ። ከባድ ነገር የት ይሄዳል? የሚንቀሳቀሰው ቀላሉ ነው።»

ይህን የሚያምነው ፕሮፌሰሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚህ መሥሪያ ቤት ሁሉም ያምነዋል። ካርቶን፣ የዶሮ ቅርጫት፣ የአበባ ባልዲ በገመድ ጥፍር አድርገው ያስራሉ፤ የመኪና ሞተር ሲመጣ፣ ጀኔሬተር ሲመጣ፣ በአክብሮት ብቻውን ይተዉታል። ከሞተሩ ጋር ታግለው እጃቸውን ያቆሰሉ ሰዎች ስለሆኑ፣ እነሱን ያቃታቸውን ነገር ሌላ ኃይል ያንቀሳቅሰዋል ብለው ማሰብ አይችሉም። አውሮፕላኑ ግን ያን አጭር የጠጠር ሜዳ ሲነካ ካፒቴኑ ፍሬኑን ሙሉ ይረግጣል። አውሮፕላኑ ይቆማል፤ ያልታሰረ ነገር አይቆምም፣ በመጣበት ፍጥነት ወደፊት ይቀጥላል፤ በከበደ ቁጥር የሚያቆመው እየጠፋ ይሄዳል። ይህን ሥልጠና ላይ በሥዕል አሳይተውናል። ፕሮፌሰሩም ነበር፣ ምሳ እስኪደርስ ተኝቶ። እኔ ነቅቼ ተከታትያለሁ፤ ስለዚህ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ከድንጋዩ ፊት መጋረጃው አለ፣ ከመጋረጃው ፊት የእማዬ ወንበር።

ወንድሜን በክንፉ ጥላ ሥር አገኘሁት፣ ስልክ እያወራ። እስኪጨርስ ቆምኩ፤ ቶሎ አይጨርስም። በጨረሰ ጊዜ ነገርኩት። በአንድ ማሰሪያ እንደማይያዝ፣ መረቡ እንደተቀደደ፣ እማዬ ከፊቱ እንደምትቀመጥ። ፊቱ ጠቆረ።

«ዛሬ ነው ማሰሪያ መቁጠር የጀመርሽው?» አለኝ።

«ከቤትህ ጣሪያ ላይ አራቱን አስፈትተህ አስመጣ። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በረራው ይዘግይ።»

ዙሪያውን ቃኘ፣ የሰማ ሰው አለ ብሎ። «ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ ሲሚንቶ ተቦክቶ ሰው ቆሟል። ለራሱ አባት ድንጋይ በረራ አስቆመ ልባል? የኔ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ጭኛለሁ። አንድ ቀን አንድ ነገር ሲወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። እውነቱን ነው፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ዕድል ተሸክማዋለች፣ እሱ ችሎታ ነው ብሎ ደረቱን ነፍቶባታል። በዚህ መሐል ካፒቴኑ ከፊት በር አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጭነቱ ታስሯል?» አለ። ወንድሜ «ታስሯል» አለ። ካፒቴኑ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ገባ። ከበሩ እስከ ጭነቱ ስድስት ርምጃ ነው፤ ያን ስድስት ርምጃ ቢራመድ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ አቧራ ይነካዋል መሰለኝ። የደህንነት ክፍሉን ሰውዬ ፈለግኩት፤ የደህንነት ሥልጠና ሄዷል፣ የሚመለሰው ሰኞ ነው አሉኝ።

ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረው ሰነዱ ብቻ ነው። አልፈርምም ብል በቃ፣ አውሮፕላኑ አይነሳም። ከዚያ የሚሆነውን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ወንድሜ በጫኞቹ ፊት ይዋረዳል፤ እማዬ የአባትሽን ድንጋይ አስቀረሽ ትለኛለች፤ የወንድሜ ሚስት ለሰው ሁሉ ቅናት ነው፣ ስሟ ስላልተጻፈ ነው ትላለች፤ ሥራዬ ያበቃለታል። ሁሉንም በየተራ ናቅኳቸው። ፕሮፌሰሩን፣ ካፒቴኑን፣ ወንድሜን፣ ሲሚንቶ አቡክተው የሚጠብቁትን ዘመዶች፣ ሻይ የጠጣንበትን ሣጥን። ሰውን መናቅ ለእኔ ድካም የለውም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምችለው ሥራ ነው። እየናቅኩ ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ሄድኩ።

እማዬ ከመስታወቱ አጠገብ ተቀምጣለች። «ነይ እስቲ፣ ግፊትሽን ልለካሽ» አልኳት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆኑ ሁሉ ይለካሉ ብዬ። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የመጀመሪያ እርዳታ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ የጤና ባለሙያዋ ቁርስ ላይ ናት፣ ቁርሷ ረጅም ነው። አንድ አልጋ፣ ጊዜው ያለፈበት የመድኃኒት ሣጥን፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር የሚያሳይ የግፊት መለኪያ። ክንዷን ጠቀለልኩት፤ ቀጭን ነው፣ ጨርቁ ሁለት ጊዜ ዞረ። መሣሪያው ጮኸ። መቶ ሃያ በሰማንያ። ወደ ራሴ አዙሬ ያዝኩትና ፊቴን አጨማደድኩ።

«እማዬ፣ መቶ ሰማንያ ነው። በዚህ አትበሪም። ሐኪም ከፍታ ላይ ያደነዝዛል ይላል። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ትሄጃለሽ።»

መሣሪያውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። ክርክር ጠብቄ ነበር፤ ልመና፣ ለቅሶ፣ ቢያንስ ለወንድምሽ ደውዪለት ትለኛለች ብዬ ነበር። «ካልሽ እሺ» አለች። እጅጌዋን አውርዳ ቦርሳዋን ያዘች። ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። «ድንጋዩማ ይሄዳል» አለ። «አንቺ እሷን ቤት ውሰጃት።» ድንጋዩን ከአውሮፕላን ማውረድ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ እናትን ማውረድ ቀላል ነው።

አንድ ወንበር ተለቀቀ ማለት ነው። ቲኬት ክፍል ሦስት ቀን የተመላለሰች ልጅ ነበረች፣ አዋላጅ ነርስ፤ ወደ ሥራ ቦታዋ መመለስ ፈልጋ ወንበር ያጣች። ስሟ ተጠራ፤ ከመደሰቷ የተነሳ ሻንጣዋን ረስታ ሮጠች፣ ተመልሳ ወሰደችው። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ጫማዋን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም አልኳት። ሃምሳ አራት ኪሎ። «እዚያ እኔን የምትጠብቅ ቀኗ የደረሰ አራስ አለች» አለችኝ፣ ከዚያም በራሷ ሳቀች፣ «አራስማ ገና አልሆነችም፣ እኔ ካልደረስኩ።» እኔም ሳቅኩ። የእማዬን ሃምሳ ስምንት ሰርዤ ሃምሳ አራት ጻፍኩ፤ ድምሩን አስተካከልኩ፣ ሚዛኑ እንዲያውም አማረ። የመጨረሻው ረድፍ ነው፣ ከመጋረጃው አጠገብ። ሌላ ክፍት ወንበር አልነበረም። ከሥር ያለችውን መስመር አነበብኳት፣ የወንድሜን የሰኞ ፊርማ አየሁ፣ ከጎኑ ፈረምኩ። ለካፒቴኑ ሰጠሁት። አምስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀር ተነሱ። ልጅቷ ስትገባ እጇን አውለብልባልኝ ነበር፤ ሰው ወንበር ስላገኘ እንዲህ ይወደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እማዬን በታክሲ ወደ ወንድሜ ቤት ወሰድኳት። እኔ በልቤ ለራሴ ዕረፍት ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ደደብ መሐል ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እናቴን አወጣሁ፣ ከዚህ በላይ ከአንዲት የሰነድ ሠራተኛ ምን ይጠበቃል እያልኩ። የወንድሜ ሚስት ምሳ አቀረበችልን፤ ስለ ግፊት ያላትን እውቀት ሁሉ አብራ አቀረበች። ጨው ተዪ፣ ቅባት ተዪ፣ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ዋጪ። በረንዳው ባዶ ሆኖ ስላላማራት ዕቃ የምታስቀምጥበት ነገር ስትፈልግ ቆየች። እማዬ ጥቂት ጎረሰችና እጇን ታጠበች። ሶፋው ላይ ጋደም በይ ስንላት እምቢ አለች፣ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሜ እየሮጠ ገባ። የመኪናውን በር አልዘጋም። እማዬ እግር ሥር ወድቆ ጉልበቷን አቅፎ አለቀሰ፣ እኛ ምን ሆነ፣ ማን ሞተ እያልን ቆመናል። ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሜዳው ላይ ከብት ገብቶ ኖሯል፤ ካፒቴኑ ፍሬኑን በኃይል ያዘ፤ ድንጋዩ ጆንያውን ገፍቶ፣ መጋረጃውን ቀዶ፣ የመጨረሻውን ወንበር ከወለሉ ነቅሎ ከፊተኛው ጋር አጣበቀው። «አንቺ የምትቀመጪበትን ወንበር» አለ ወንድሜ። «እማዬ፣ የአንቺን ወንበር።» የወንድሜ ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ገባ፣ ሌላ ጎረቤት ተጠራ፣ በግማሽ ሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ተአምር ነው ተባለ። ግፊቷን ከፍ ያደረገው ፈጣሪ ነው ተባለ። አንዷ ሴትዮ ግፊት ለመጥፎ ብቻ አይደለም፣ ለበጎም ይሰጣል አለች፤ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔንም አቀፉኝ፤ በእጇ ለክታ ያወጣቻት እሷ ናት ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። «ድንጋዩስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበረ። «ድንጋዩ ምንም አልሆነም» አለ ወንድሜ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «የሣጥኑ አንድ ጣውላ ብቻ ነው የተሰነጠቀው።»

«ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም?» አለች እማዬ።

«ነበረች፣ አንዲት ልጅ። እግሮቿ... እግሮቿ ናቸው የተጎዱት። ነፍሷ አለች እስካሁን። ክሊኒክ ወስደዋታል።» ይህን ያለው ወደ መስኮቱ እያየ ነው። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና ሌላ ድምፅ አወጣ። «ሰነዱ ታስሯል ነው የሚለው» አለኝ። «እኔ ፈርሜያለሁ፣ አንቺ ፈርመሻል። አንድ ላይ ነን። የተበጠሰ ማሰሪያ ነው የምንለው፣ ገባሽ?» ገባኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ ከራሱ ጋር እኩል አደረገኝ። ስለዚያች ልጅ ክሊኒክ ልንገረው ፈለግኩ፤ እዚያ ከተማ ያለው ክሊኒክ አንድ ነው፣ የሚሠሩበትም ጥቂት ናቸው፣ አዋላጇ ደግሞ እሷ ራሷ ናት። አልነገርኩትም።

ወጥ ቤት ገብቼ ውኃ ስጠጣ እማዬ ተከትላኝ ገባች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከሳሎን አሁንም ሳቅና ምስጋና ይሰማል።

«መቶ ሃያ በሰማንያ ነበር» አለችኝ። «ሳታዞሪው አይቼዋለሁ። በየቀኑ እዚህ ቤት እለካለሁ። ቁጥር አውቃለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«እኔ ቀንታ ነው ብዬ ነበር» አለች። «ድንጋዩ ላይ ስሟ ስላልተጻፈ፣ እንዳልሄድ ብላ ነው ብዬ። ይሁን፣ ልጄ ናት፣ ብዬ ተነሳሁልሽ። ለካ ታውቂ ኖሯል።»

«እናቴ ነሽ» አልኳት። «ምን ላድርግ? ማንም አይሰማኝም ነበር።»

«የአንቺ ፊርማ ከሌለ እንደማይነሳ ወንድምሽ ሁልጊዜ ይነግረኛል።» ጮክ ብላ አልተናገረችም። እኔን ለማስቀጠር ለማን ለማን እጅ እንደነሳ ሲተርክ የሚጨምራት ነገር ናት፤ ትልቅ ቦታ ነው ያስያዝኳት ለማለት። «የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም።»

«እናቷ ሰምታለች?»

በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ነበር፤ ይህን የጠየቀ የለም፣ እኔን ጨምሮ። ከመሥሪያ ቤት ይደውሉላቸዋል አልኩ። ማንም እንደማይደውል ግን አውቅ ነበር፤ ወንድሜ ምን እንደሚባል እስኪያጠና ድረስ ማንም አይደውልም። ተሳፋሪ ወንበር ሲይዝ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው እንጠይቃለን፤ ልጅቷ «እናቴ» ብላ ስልክ ቁጥር አስይዛኝ ነበር፣ የቅጹ ግልባጭ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሳላስበው እጄ ቦርሳዬ ላይ አረፈ፤ እማዬ አየችው።

«ደውዪ» አለችኝ። «ሲያነሱ ለእኔ ስጪኝ።»

ደወልኩ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች፣ ሻሿን እያስተካከለች፣ ሰው ፊት እንደምትቀርብ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርቶ ተነሳ። እጅ ላይ ይዘው ሲጠብቁት የነበረ ስልክ ነው።

«አቤት ልጄ፣ ደረስሽልኝ?» አለች አንዲት ሴት። «ስልክሽ እምቢ ሲለኝ እኮ ጨንቆኝ ነበር። በማን ስልክ ነው የደወልሽው?»

ስልኩን ለእማዬ ዘረጋሁላት። እጇን አልዘረጋችም። ያችኛዋ «አሎ፣ አሎ፣ የኔ ልጅ» ትላለች፣ ድምፁ ከመዳፌ ውስጥ እየወጣ። እማዬ ፊቴን አይታ ወደ ኋላዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ንገሪያት።»